የኖቶብራንኪየስ እንቁላል በፒት ይዣለሁ፤ ውኃ ላፍስስበት ወይስ ልታገስ?

አዲስ_ገንዳ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጉፒና ፕላቲ ለዓመታት አሳድጌያለሁ። እነሱ የሚዋኝ ልጅ ስለሚወልዱ ብዙ ጣጣ የላቸውም። ከእንቁላል ጀምሬ ግን አላውቅም። አሁን ኖቶብራንኪየስ ጉንተሪ የሚባል ትንሽ ዓሣ እንቁላሎች እጄ ገብተዋል። እርጥበት ባለው ፒት (ከበሰበሰ የረግረግ ተክል የሚገኝ አፈር) ውስጥ ሆነው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽገዋል። ከረጢቱ ላይ የዝርያው ስም፣ እንቁላሉ የተሰበሰበበት ቀንና «12 ሳምንት» የሚል ጽሑፍ አለ። 12 ሳምንቱ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም።

ጥያቄዬ ብዙ ነው። ቀኑ እንደሞላ ውኃ ማፍሰስ አለብኝ? በምን ዓይነት ዕቃ? ውኃው ይሙቅ ወይስ ይቀዝቅዝ? መጀመሪያ የሚበሉትስ ምንድን ነው? የደቀቀ የዓሣ ምግብ አለኝ፤ ለጉፒ ጫጩቶች በቂ ነበር። ከረጢቱን ከፍቼ ሳይ አንዳንዱ እንቁላል ጥርት ብሏል፣ አንዳንዱ ጠቆር ብሏል፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ነጭ ሆነዋል። የሞቱት የትኞቹ ናቸው?

ባለወርቅ_ዓይን፦
እንኳን ደህና መጣሽ። አደራሽን፣ ቀኑ ሞላ ብለሽ ብቻ ውኃ እንዳታፈስሺ። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ግምት ነው። የሚወስነው የፅንሱ ዓይን ነው።

የሞቱት ነጮቹ ናቸው። ሻጋታው ወደ ጤነኞቹ እንዳይዛመት በወረንጦ እየለቀምሽ ጣያቸው። ጥርት ያሉት በሕይወት አሉ፣ ገና ናቸው። ጠቆር ያሉት ወደ መፈልፈሉ የተቃረቡት ናቸው። ጋሽ ረግረግ ካለ እሱ በደንብ ያስረዳሻል።

ረግረግ፦
አለሁ። እህቴ፣ ጥሩ ዝርያ ነው የያዝሽው። ጉንተሪ የዛንዚባር ዓሣ ነው። ዓመታዊ ኪሊፊሽ ከሚባሉት ዕድሜያቸው አጭር ትናንሽ ዓሦች ለጀማሪ ከሚመከሩት አንዱ ነው። ጫጩቱ ከብዙዎቹ ተለቅ ይላል፤ ጠንካራም ነው።

ውኃውን ከማንሳትሽ በፊት ግን እንቁላሉ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንዳለ እወቂ። እነዚህ ዓሦች የሚኖሩት ዝናብ ሲዘንብ ሞልቶ በጋ ሲመጣ በሚደርቅ ኩሬ ውስጥ ነው። ኩሬው ሲደርቅ ወላጆቹ በሙሉ ያልቃሉ። የሚተርፈው ጭቃው ውስጥ የተቀበረው እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላሉ ድርቁን የሚያልፈው እድገቱን እያቆመ ነው። ይህ ማቆም ዳያፖዝ ይባላል፤ በሦስት ደረጃ ላይ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው የፅንሱ አካል ገና ቅርጽ ሳይዝ፣ ሴሎቹ በአስኳሉ ላይ ተበታትነው ሳሉ ነው። ሁለተኛው አካሉ ተዘርግቶ ልቡ መምታት ከጀመረ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረዝመው ይሄኛው ነው። ሦስተኛው ፅንሱ ሁሉ ነገሩ አልቆለት፣ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ዝናብ ሲጠብቅ ነው።

ታዲያ ሁሉም እንቁላል እኩል አይቆምም። አንዲት እናት በአንድ ቀን ከጣለቻቸው እንቁላሎች አንዱ ሁለተኛውን ዳያፖዝ ዘሎት ያልፋል፤ ሌላው እዚያው ላይ ወራት ይቀመጣል። ያለጊዜው ትንሽ ዝናብ ጥሎ ኩሬው መልሶ ቢደርቅስ? ሁሉም ተፈልፍለው ቢሆን ኖሮ የዚያ ኩሬ ዘር በዚያው ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ጥርት ያለና ጠቆር ያለ እንቁላል አብሮ ማየትሽ አያስደንግጥሽ። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

ሙቀቱም ለውጥ ያመጣል። 12 ሳምንት የሚባለው ከረጢቱ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ተቀምጦ ከሆነ ነው። ሞቅ ያለ ቦታ ከነበረ ይፈጥናል፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከነበረ ይዘገያል። ራኮቪ የሚባለውን የሞዛምቢክ ዝርያ ብትይዢ ኖሮ ግማሽ ዓመትም ልትጠብቂ ትችዪ ነበር።

አሁን እንዴት እንደምታዪው ልንገርሽ። አንድ ቆንጠር ፒት ነጭ ሰሃን ላይ በትኚ። እንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይንሽ ከለመደው በኋላ በቀላሉ ታገኚዋለሽ። በጣትሽ ብታነሺው አትፍሪ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ከሥሩ የእጅ ባትሪ አብሪና በአጉሊ መነጽር እዪው። ያልደረሰው ውስጥ የዘይት ጠብታዎች ብቻ ይታያሉ። መንገድ የጀመረው ላይ አስኳሉን የዞረ ቀጭን መስመር አለ። የደረሰው ግን እንቁላሉን ጥቅጥቅ አድርጎ ሞልቶታል። ጭራው ተጠምዝዞ ጭንቅላቱ ጋ ደርሷል። ሁለት ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች አሉት፤ ዙሪያቸውን የወርቅ ቀለበት ያበራል። ትንሽ ታግሰሽ ካየሽ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይላል። ካየሻቸው አብዛኞቹ እንደዚህ ሲሆኑ የውኃው ቀን ደረሰ ማለት ነው።

ያ ቀን እስኪመጣ ከረጢቱን አሽጊና ጨለማ ቦታ አስቀምጪ። ፒቱ በመዳፍሽ ስትጨምቂው ውኃ ማንጠባጠብ የለበትም። ነገር ግን ጣትሽ ላይ እርጥበቱ ሊሰማሽ ይገባል።

ስለ ምግቡ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ውኃ የምታፈስሺበትን ቀን የሚወስነው እንቁላሉ ብቻ አይደለም። ምግቡ በጠርሙስ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ካልሆነ ውኃውን አትንኪው። የደረሰ እንቁላል ትንሽ ይጠብቅሻል፤ የተፈለፈለ ጫጩት ግን አይጠብቅም።

ጨው_በጠርሙስ፦
የምግቡን እኔ ልውሰደው።

የደቀቀውን ምግብ ለጊዜው እርሺው። የኖቶብራንኪየስ ጫጩት የሚያድነው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ዱቄት ፊቱ ቢወድቅ እንደ ምግብ አይቆጥረውም። ዱቄቱ ታች ወርዶ ይበሰብስና ውኃውን ይመርዘዋል።

የሚያስፈልግሽ አርቴሚያ ነው፤ በጨው ውኃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ነው። እንቁላሉ ደርቆ በቆርቆሮ ይሸጣል። 1 ሊትር ውኃ ውስጥ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ሟሚ። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ የአርቴሚያ እንቁላል ጨምሪ። የአየር ፓምፑን ቱቦ እስከ ጠርሙሱ ታች አስገቢና በደንብ ይንተክተክ። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን፣ መብራትም ይኑረው። በ24 ሰዓት አካባቢ ብርቱካናማ ደመና ታያለሽ።

ሲወጡ አየሩን አጥፊና ለጥቂት ደቂቃ ተዪው። ባዶ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ያልተፈለፈለው ታች ይቀራል። ሕይወት ያላቸው ወደ ብርሃን ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ጠርሙሱን ሸፍነሽ በአንድ ጎን ብቻ ብታበሪበት እዚያው ይሰበሰቡልሻል። በቀጭን ቱቦ ቅጂያቸው፣ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልዪያቸው፣ በንጹህ ውኃ እጠቢያቸው። ቅርፊቱ ወደ ጫጩቶቹ ገንዳ ባይገባ ይመረጣል፤ ከዋጡት አንጀታቸውን ሊዘጋው ይችላል።

ሁለት ነገር አትርሺ። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ሆዱ ውስጥ ስንቅ አለው። ሳይበላ በዋለ ቁጥር ያ ስንቅ ያልቃል፤ ስለዚህ ትኩሱን ስጪ። ሁለተኛ፣ አንድ ጠርሙስ አይበቃም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲደርስ ሁለቱን በተለያየ ቀን ጀምሪ። ውኃ ከማፍሰስሽ በፊት አንድ ዙር ሞክሪው፤ የገዛሽው የአርቴሚያ እንቁላል በደንብ መፈልፈሉን ያን ጊዜ ታውቂያለሽ።

አዲስ_ገንዳ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። በባትሪው አየሁት! ወርቃማው ቀለበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠቆር ያሉት አብዛኞቹ ዓይናቸው ወጥቷል። የአርቴሚያው ጠርሙስ ዛሬ ይጀመራል። አሁን ስለ ውኃው ንገሩኝ።

ረግረግ፦
ዝርግ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰጂ። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ፒቱን በትኚበትና ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ብቻ አፍስሺ። ጥልቀቱን የምቀንሰው ጫጩቱ እንደወጣ ወደ ላይ ሄዶ አየር መጎንጨት ስላለበት ነው። ሆዱ ውስጥ ያለውን የመንሳፈፊያ ከረጢት የሚነፋው በዚያ ነው።

ውኃው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ በራሱ ጊዜ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይምጣ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑን ማስወገድ አለብሽ። አሳድሮ መጠቀም ለክሎሪን ይሠራል፤ ለክሎራሚን ግን አይሠራም። ለዚያ የገንዳ ውኃ ማርከሻ ፈሳሽ ያስፈልጋል።

ባለወርቅ_ዓይን፦
ጋሽ ረግረግ፣ በቀዝቃዛው ውኃ ላይ ትንሽ ልከራከርህ። እኔ የክፍል ሙቀት ባለው ውኃ ነው ሁልጊዜ የማፈለፍለው፤ ደህና ይወጣሉ። እንቁላሉ ከደረሰ ይወጣል፣ ካልደረሰ በበረዶም አይወጣም።

ረግረግ፦
እውነትህን ነው፣ በክፍል ሙቀትም ይወጣሉ። እኔ ቀዝቃዛውን የምመርጠው ዝናቡን ስለሚመስል ነው፤ በብዛት አብረው ሲወጡም አይቻለሁ። ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ ለተፈለፈለው ጫጩት ይጠቅመዋል። እንቁላሉ ካልደረሰ ግን ምንም እንደማይረዳው እስማማለሁ።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልብ በዪ። የደረሰውን ፅንስ እንዲወጣ የሚቀሰቅሰው በእንቁላሉ ዙሪያ ያለው ኦክስጅን መቀነሱ ነው። ያን ጊዜ ቅርፊቱን ከውስጥ የሚያሟሟ ኢንዛይም ይለቅና በጭራው ገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የአየር ፓምፕ አታስገቢ። እምቢ ያሉ ካሉ አንድ ቁንጥጫ ደረቅ የዓሣ ምግብ ጣል ማድረግ ይቻላል። ባክቴሪያው እሱን ሲበላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ጥቂት እንቁላል ብቻ ከሆነ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በስትሮ ትንፋሽ መንፋትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጫጩቶቹ እንደወጡ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ንጹህ ውኃ ማዛወር ነው። እንቁላሉን ለመቀስቀስ የጠቀመው የኦክስጅን ማነስ ለወጣው ጫጩት ጠንቅ ነው።

አዲስ_ገንዳ፦
ወጡ! ትናንት ማታ ውኃውን አፈሰስኩ። ዛሬ ጠዋት ዕቃው ጠርዝ ላይ ቀጫጭን ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። መጀመሪያ የፒት ጭረት መስለውኝ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ዓይኖች ታዩኝ። አርቴሚያውን በጠብታ ስሰጣቸው ሰውነታቸውን እንደ «ሰ» ያጥፉና ይወረወሩበታል። ትንሽ ቆይቶ ሆዳቸው በቆዳቸው ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ታየኝ። ከዓሥር ጊዜ በላይ ተመላልሼ ሳላያቸው አልቀርም።

አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። የተወሰኑት አይዋኙም። ታች ላይ በሆዳቸው ይንፏቀቃሉ። ሊነሱ ይሞክሩና መልሰው ይወድቃሉ። ምን ላድርግላቸው?

ባለወርቅ_ዓይን፦
እነዚያ የመንሳፈፊያ ከረጢታቸውን መንፋት ያልቻሉ ናቸው። ኪሊፊሽ ያረባ ሁሉ ያውቃቸዋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ ፅንሱ ሳይበቃ ወጥቷል፣ ወይ ደርሶ ከልክ በላይ ስለቆየ ስንቁን ጨርሶ ደክሟል። እስከ ነገ ጠብቂያቸው። አንዳንዱ ዘግይቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ በሆዱ የቀረ ግን አይድንም። ከመገቡት ለተወሰነ ጊዜ ያድጋል፤ ሕይወቱ ግን ስቃይ ነው። እኔ ሳላሰቃይ አስወግዳቸዋለሁ። ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ግን ለእነሱም የሚሻለው እሱ ነው።

የተወሰኑ ብቻ ከሆኑ ጊዜውን በደንብ መርጠሻል። አብዛኞቹ እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ ቀሪውን ፒት ተጨማሪ ሳምንታት አቆዪው እልሽ ነበር።

ትዕግሥት_የለኝም፦
ይህን ውይይት ከመጀመሪያ ጀምሮ ሳነብ ነበር፤ በጣም ደስ ይላል። ግን ሦስት ወር ከረጢት ማየት ለእኔ አይሆንም። ደግሞ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ዓሣው ዕድሜው አጭር ነው። ፒት የማይፈልግ ኪሊፊሽ የለም?

ጨው_በጠርሙስ፦
ሞልቷል። ዓመታዊ ያልሆኑትን ያዝ። የመጀመሪያ ምርጫዬ ፉንዱሎፓንካክስ ጋርድነሪ ነው። የናይጄሪያና የካሜሩን ዓሣ ነው፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። አፊዮሴሚዮን አውስትራሌም አለ፣ የጋቦን ነው፤ እጅግ ያምራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሠራሽ የሹራብ ክር፣ ጥቁር አረንጓዴ ቢሆን ይመረጣል፣ በፈላ ውኃ ቀቅለህ ቀለሙ እንደማይለቅ አረጋግጥ። ከዚያ አንድ ላይ እሰረውና ከቡሽ ላይ አንጠልጥለው። ዓሦቹ ክሩ ውስጥ ይጥላሉ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አውጥተህ ጨመቅ አድርገውና እንቁላሎቹን በጣትህ ልቀም። በትንሽ ዕቃ ውኃ ውስጥ አስቀምጣቸው፤ ውኃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን የሻጋታ መከላከያ ቀለም ጠብ አድርግበት። የነጣውን በየቀኑ አውጣ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ አርቴሚያም ወዲያው ይበላሉ።

የጋርድነሪ ጫጩቶች ግን ሁሉም አንድ ቀን አይወጡም። ቀድሞ የወጣው ስለሚያድግ ኋላ የመጣውን ይበላዋል። በመጠን በመጠን መለየት የግድ ነው።

ረግረግ፦
በዚህ ምክር እስማማለሁ፤ የዓመታዊዎቹ ዕድሜ አጭር መሆኑ ግን ጉድለት ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ፉርዘሪ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1968 ዚምባብዌ ውስጥ ጎናሬዡ ከሚባለው ጥብቅ ሥፍራ ተሰብስቦ ነው የታወቀው። ዛሬ የእርጅናን ነገር የሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚያረቡት እሱን ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አርጅቶ ስለሚታይ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ሞዛምቢክ ውስጥ በተፈጥሮ ኩሬ ላይ በ14 ቀን ለመራባት የደረሱ ፉርዘሪዎች መገኘታቸውን አሳይቷል። እንደዚህ የሚፈጥን ሌላ አከርካሪ ያለው እንስሳ አይታወቅም። ይህንን በገዛ ገንዳህ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ ገንዳ፣ ይሄ ፍጥነት አንቺንም ይመለከታል። ጫጩቶችሽ በቀን ሁለቴ፣ ቢቻል ሦስቴ ይብሉ፤ ሆዳቸው ብርቱካናማ ካልሆነ ርቧቸዋል። ብዙ የሚበላ ዓሣ ብዙ ያቆሽሻል። በየቀኑ ከውኃው ሩቡን ለውጪ፤ ታች የሞተውን አርቴሚያ በቀጭን ቱቦ እየሳብሽ አውጪ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የስፖንጅ ፊልተር አስገቢ፤ አረፋው ቀስ ብሎ አንድ አንድ እያለ ይውጣ። ቦታ ሲጠባቸው እድገታቸው ይቆማል፤ ስለዚህ ሳይጠባቸው ወደ ሰፊ ገንዳ አዛውሪ። ሲያዛውሩ መረብ ባይጠቀሙ ጥሩ ነው። በማንኪያ ከነውኃው ማንሳት ይሻላል።

ባለወርቅ_ዓይን፦
ቬልቬት ስለሚባለው በሽታ ሳትነግራት? ኖቶብራንኪየስን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ረግረግ፦
ልክ ነህ። ክንፋቸውን አጣብቀው ከቆሙ ወይም ሰውነታቸውን ከዕቃ ጋር ካሻሹ መብራቱን አጥፊና በእጅ ባትሪ ከጎን አብሪባቸው። ቆዳቸው ላይ ወርቃማ አቧራ የተነሰነሰ ከመሰለ ቬልቬት ነው። ቀድሞ ለመከላከል በ1 ሊትር ውኃ 1 ግራም ያህል ጨው ይጨመራል፤ ኖቶብራንኪየስ ጨዉን በደንብ ይችለዋል። ከያዛቸው ገንዳውን አጨልሚው፤ ተውሳኩ ብርሃንን ይጠቀማል። ለቬልቬት የተዘጋጀውንም መድኃኒት ቶሎ ጀምሪ። ትላልቆቹን ከጫጩት በፊት ነው የሚገድለው ብለሽ አትዘናጊ፤ ጫጩትን በአንድ ሌሊት ይጨርሳል።

አዲስ_ገንዳ፦
ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ወንዶቹ ቀለም አወጡ! ጭራቸው ቀይ፣ ሰውነታቸው ሰማያዊ አረንጓዴ እየሆነ ነው። ሴቶቹ ገና ግራጫ ናቸው። ወንዶቹ እርስ በርስ ይሳደዳሉ። ልለያቸው? አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ፦ ያ ያፈለፈልኩበትን ፒት አልጣልኩትም፤ ውስጡ ያልተፈለፈሉ ጥርት ያሉ እንቁላሎች አይቻለሁ።

ጨው_በጠርሙስ፦
መሳደዱ የተለመደ ነው። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት አድርጊ፤ መደበቂያ እንዲሆን ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውኃ ተክል ጨምሪ። ገንዳውን በደንብ ክደኚው። ኪሊፊሽ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ዘሎ ይወጣል።

ረግረግ፦
ፒቱን አለመጣልሽ ደግ አደረግሽ። መጀመሪያ ላይ የነገርኩሽ ናቸው፤ ሁለተኛውን ዝናብ የሚጠብቁት። ውኃውን አጥልዪ፣ ፒቱን በጨርቅ ጨምቂ፣ ጋዜጣ ላይ ዘርግተሽ እንደ መጀመሪያው እርጥበቱ እስኪመለስ አናፍሺው። ከዚያ በአዲስ ከረጢት አሽጊ። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ዓይናቸውን እዪና እንደገና ውኃ አፍስሺበት።

ትላልቆቹ እንቁላል እንዲጥሉ ደግሞ የታጠበ ፒት በትንሽ ዕቃ ሞልተሽ ገንዳው ውስጥ አስቀምጪ። ወንዱ ሴቷን በላይኛው ክንፉ አቅፎ ወደ ፒቱ ሲጫናት ታያለሽ። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አውጥተሽ ጭመቂና በከረጢት አሽጊ። ከረጢቱ ላይ የዝርያውን ስም፣ ዘሩ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ቀኑንና የምታስቀምጪበትን ሙቀት ጻፊ። ሙቀቱን ብዙ ሰው አይጽፍም። ያለ እሱ ግን የሳምንቱ ቁጥር ለሚቀበልሽ ሰው ምንም አይነግረውም። የተለያየ ቦታ ዘርም አትቀላቅዪ፤ ዛንዚባር ያለው የዱር ዓሣ ከየትኛው ኩሬ እንደመጣ ተለይቶ እንዲቆይ ነው አርቢዎች የሚደክሙት።

አዲስ_ገንዳ፦
የእኔ ከረጢት ላይ የቦታው ስም የለም። የሰጠኝን ሰው ዛሬውኑ እጠይቀዋለሁ።

ትዕግሥት_የለኝም፦
እኔም የጋርድነሪ ጥንድ አገኘሁ፤ ክሩንም ቀቅያለሁ። ቡሽ አጣሁ እንጂ። ትንሽ የፎም ቁራጭ ይሆናል?

ጨው_በጠርሙስ፦
ይሆናል። ብቻ ክሩን እስከ ገንዳው ታች አድርሰው፤ ላይ የሚጥሉም ታች የሚጥሉም አሉ።